አሥራ ሁለተኛው ጥላ

አዳማ፣ ኅዳር 3 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ጅቡቲ ለሚኖረው ለእህቴ ልጅ ለሽኩር። አሰላሙ አለይኩም። ሰውነትህን ከሙቀቱ፣ ልብህን ከርቀቱ አላህ ይጠብቅልህ። እኔ አክስትህ መሪማ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የሚጽፍልኝ እንደ ወትሮው አብተው ነው፤ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ዣንጥላ ተክሎ ለሰው ሁሉ የሚጽፈው። በሥላሴ ስም ሊጀምርልኝ ሲል አስቆምኩት። ላንተ ይበጅህ፣ እኔ የራሴ አለኝ አልኩት፤ ሳቀና እንደገና ጀመረ።

ጉዳዬ መብራት ነው። ባሌ፣ አጎትህ መሐመድሰዒድ፣ አላህ ይማረውና፣ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የተወልን ግቢ ድሮ የግመልና የበቅሎ ማደሪያ እንደነበር ታውቃለህ። አሁን ከደራና ከሁሩታ እህል ጭነው የሚመጡ ካሚዮኖች ባቡር እየጠበቁ ያድሩበታል። ግመል በጨለማ ቢያድር ግድ የለም፤ ሌባ ቢነካው ይጮኻል። ካሚዮን ግን ጎማውን ቢፈቱትም ዝም ነው። ባለፈው ወር ከአንዱ ሁለት ጎማ፣ ከሌላው የፊት መብራቱን ነቅለው ወሰዱ። ሾፌሮቹ ፊታቸውን አጥቁረውብኛል። ከሐዲዱ ማዶ ደግሞ አንድ ሰው ቦግ ያለ ማደሪያ ሊከፍት ነው ይባላል። እስከ በልግ ግቢዬን ካላበራሁ ሁሉም ወደዚያ ነው የሚሄዱት። ያለችኝ አጎትህ የገዛት አንዲት ማሾ ናት። ግቢው መሐል ካለው ግንድ ላይ ሰቅለናታል፤ ላምባ ስትጠጣ እንጂ ስታበራ አትታይም።

አንተ የመብራት ዕቃ የሚራገፍበት መጋዘን ውስጥ ነህ። ስንት መብራት እንደሚበቃኝ፣ በምን ያህል ከፍታ፣ ከየት ወዴት እንደሚያይ አስበህ ጻፍልኝ።

አብዱናሲርስ? በነሐሴ የሄደው ካሚዮናችንን ተረክቦ፣ መንዳቱን ካንተ ዘንድ ሆኖ ተምሮ፣ በባቡር አስጭኖ ሊመጣ ነበር። አንዲት ደብዳቤ በእጁ ጻፈልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እኔ ከአጥሩ ጥግ ለካሚዮኑ ቦታ ለይቼለት ማንም እንዲያቆምበት አልፈቅድም። ሾፌሮቹ ባዶ መሬት ታስጠብቂያለሽ ይሉኛል። መብራቱም ቢሆን ለሌባው ብቻ አይደለም። ልጄ ሲመጣ ግቢው እንዲያምርበት ነው። ከሱ ሌላ የለኝም፤ ታውቀዋለህ።

መልስህን ቶሎ። አክስትህ መሪማ።

*

ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ እናቴን ለተካችልኝ ለአክስቴ ለወይዘሮ መሪማ። ለጤናዎ እንደምን ነዎት? ጉልበትዎን አላህ ይማርልዎ። እኔ በእርስዎ ዱዓ ደህና ነኝ። ሙቀቱን ለምጄዋለሁ።

ስለ መብራቱ ደጋግሜ አሰብኩበት። ግቢው በእርምጃ ስልሳ በአርባ ከሆነ አራት ማሾ ይበቃዋል፤ በየማዕዘኑ አንድ። ምሰሶው ሁለት ሰው ከነቁመቱ ቢደራረብ የሚያህል ይሁን። ከዚያ ካነሰ መብራቱ የሾፌሩ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ከበለጠም መሬቱ ላይ ሳይደርስ ይደክማል። አንዱንም ከበሩ ፊት ለፊት እንዳያስተክሉ፤ የሚገባው ሾፌር ይታወርና ምሰሶውን ራሱን ይገጨዋል። አራቱም ፊታቸውን ወደ ውስጥ ያዙሩ። ላምባ የሚሞላው ሰው በየቀኑ ስለሚወጣ ጠንካራ መሰላል ያሠሩ።

አንድ ነገር አደራ። መብራቱን ማዘዝ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ጥላው ነው። በግቢው ስንት ጥላ እንዳለና ስንት እንደሚያስፈልግ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም። ስለዚህ ጥላውን በደንብ አስቆጥረው ቁጥሩን ይላኩልኝ። ያለ ቁጥር ባዝዝ ወይ ይጎድላል ወይ ይተርፋል።

አብዱናሲር ደህና ነው። ሥራ አግኝቶ ወደ ኤደን ተሻግሯል። ባሕር ማዶ ስለሆነ ደብዳቤው ይዘገያል። ሰላም ብሎዎታል።

የእህትዎ ልጅ ሽኩር።

*

አዳማ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሽኩር። አሰላሙ አለይኩም። ባሕር የለመደ ሰው አገሩን አይርሳ እያልኩ እመርቅሃለሁ።

ያልከውን አድርጌያለሁ። አራቱ ምሰሶዎች ከአርሲ ነገሌ በመጣ ጽድ ተተክለዋል። ምሰሶዎቹ ከመተከላቸው በፊት ጥላውንም አስቆጥሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ አዝዘኸኝ አታውቅም፤ ጅቡቲ ሰውን ምን ታስተምራለች እያልኩ ስቄብሃለሁ።

የቆጠረው ዘበኛችን ጆቴ ነው። ማሾዋ እንደተለኮሰች ግቢውን ዞሮ ለያንዳንዱ ጥላ አንድ አንድ ጠጠር ጆንያ ላይ አኖረ። የካሚዮኖቹ አምስት፣ የበሩ ሁለት ምሰሶዎች፣ የጉድጓዱ እንጨት፣ የውኃው በርሜል፣ የጆቴ ጎጆ፣ ጆቴ ራሱ። አሥራ አንድ መሆን ነበረበት። ጠጠሩን ስቆጥረው አሥራ ሁለት ሆነ። ቆጠራ አታውቅም ብዬ ተቆጣሁት። በማግሥቱም አሥራ ሁለት። በሦስተኛው ምሽት እኔው ጉልበቴን እየጎተትኩ፣ የራሴን ሳልቆጥር ዞርኩ። አሥራ ሁለት ነው።

የተረፈው ለአብዱናሲር ከለየሁት ቦታ ላይ ነው። እዚያ የቆመ ነገር የለም፤ ቀን ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ድንጋይም የለ። ጥላው ረጅምና ቀጭን ነው። አጥሩ ጋ ሲደርስ እንደ ማንኛውም ጥላ ታጥፎ ይወጣል። የአጥር እንጨት የጣለው ይሆናል ብዬ ትቼዋለሁ።

ጆቴ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እናንተ አማርኛ ተናጋሪዎች ሁለቱን ነገር ባንድ ቃል ትጠራላችሁ አለኝ። በኦሮምኛ ሰው የሚያርፍበት ጥላ ጋዲሳ ነው፤ ሰው የሚጥለው ደግሞ ጋዲዱ። "እኔ የቆጠርኩት ጋዲዱውን ነው፤ ልጁ የፈለገው ጋዲሳ ከሆነ ዛፍ ተክለን እንጠብቅ" ብሎ ሳቀብኝ። እንግዲህ ለየትኛው እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ የማውቀው አሥራ ሁለት መሆኑን ነው። አሥራ ሁለት ላክ።

አብዱናሲር ከኤደን ሲመለስ ይጻፍልኝ። እናቱን ያለ ደብዳቤ አይተዋትም ነበር። አክስትህ መሪማ።

*

ጅቡቲ፣ የካቲት 2 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ መሪማ። እንደምን ከርመዋል? መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ፤ አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጥላ ያልኩት መብራቱ ላይ የሚደፋውን የቆርቆሮ ቆብ ነበር፤ ብርሃኑ ወደ ሰማይ እንዳይባክን ወደ መሬት የሚመልሰውን። እኛ መጋዘን ውስጥ ጥላ ነው የምንለው፣ ሌላ ስም ያለው አልመሰለኝም። ለአራት መብራት አራት ጥላ ይበቃል። ጆቴን ስላደከምኩት ይቅርታ ይንገሩልኝ።

ስለዚያ ስለተረፈው አያስቡ። አራቱ መብራቶች ፊት ለፊት ሲተያዩ አንዱ የጣለውን ጥላ ሌላው ያጠፋዋል። መብራቶቹ ከማርሴይ እስኪመጡ ትንሽ ይታገሡኝ።

አብዱናሲር ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበታል። ሽኩር።

(በዚያው ፖስታ ውስጥ ተጣጥፎ የነበረ ሌላ ወረቀት)

ለአቶ አብተው፤ ለርስዎ ብቻ። እባክዎ ይህን አያንብቡላት።

አብዱናሲር ሞቷል። መስከረም 19 ቀን፣ ንዳድ በያዘው በሰባተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ። አጥቤ የቀበርኩት እኔው ነኝ። ኤደን አልሄደም፤ ከዚህ ሩብ ሰዓት በማያስኬድ መቃብር ነው ያለው። እርስዎም እንደሚያውቁት መርዶ በወረቀት አይሄድም። ለአንድ እናት ልጅሽ ሞተ ተብሎ በደብዳቤ ጸሐፊ አፍ፣ ገበያ መሐል አይነገራትም። ማለዳ፣ ከቤቷ ደጅ፣ ዘመድ ከሽማግሌ ጋር ሆኖ ነው። እኔ ደግሞ ለጊዜው መምጣት አልቻልኩም። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ ሁለተኛው ቀለለኝ። በእጁ የተጻፈ አስመስዬ ልልክላት ተቀምጬ ነበር፤ ስሙን ስጽፍ እጄ እምቢ አለኝ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ስለ ግቢው ነበር የሚያወራው። ካሚዮኑን ይዤ መጥቻለሁ፣ ግን በሩ አልታይ አለኝ፣ ጨለማ ነው ይለኝ ነበር። እኔም የትኩሳቱ ነው ብዬ መብራት አጠገቡ አስቀመጥኩ። ይህ አይደለም አለኝ።

አሁን የአክስቴን ደብዳቤ ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ያ ጥላ ከመቼ ጀምሮ እንደታየ ጆቴን በዘዴ ጠይቀው ይጻፉልኝ።

*

አዳማ፣ የካቲት 19 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለሽኩር። አሰላሙ አለይኩም። ከሕመምህ መዳንህን ሰምቼ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።

ስለ ቆርቆሮው ቆብ ገብቶኛል። አንተ ግን እኔን አልሰማኸኝም። የአጥር እንጨት ነው ብዬ የተውኩት ነገር የአጥር እንጨት አይደለም። አጥሩን በዚያ በኩል አስነቀልኩት። ጥላው ሜዳው ላይ ተዘረጋ እንጂ አልጠፋም።

ከዚያ ጆቴን ማሾዋን ከግንዱ አውርዶ ተሸክሟት እንዲዞር አዘዝኩት። እሱ ወደ ቀኝ ሲሄድ የካሚዮኖቹ ጥላ ሁሉ ወደ ግራ ዞረ፤ ያም አብሯቸው ዞረ። ጆቴ ሲጠጋ አጠረ፣ ሲርቅ ረዘመ። የመሬት እድፍ ቢሆን ባለበት በቀረ ነበር። ይህ ጥላ ነው፣ ልጄ። የሚጥለው ብቻ ነው የማይታየው።

ሲያጥር ጊዜ ደግሞ ቅርጹን አየሁት። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው። አብዱናሲር በስድስት ዓመቱ ከበቅሎ ወድቆ ትከሻው እንደተሰበረና ወጌሻው አጣሞ እንደጠገነው አንተም ታስታውሳለህ፤ አብራችሁ ነበራችሁ። ይህን ሳስጽፍልህ ምን እንዳሰብኩ አልነግርህም። አልፈራሁም። ፈራሁ ብል ውሸት ነው፤ አጠገቡ ሄጄ ተቀምጬ ነበር። ብርድ ብርድ አለኝና ገባሁ።

ሾፌሮቹ ነገሩን ሰምተዋል። ግቢው ውስጥ ጥላ ወጊ ገብቷል፣ የሰው ጥላ እየወጋ ይገድላል ብለው ሁለቱ ሄደዋል። ሦስቱ ቀርተዋል፤ እነሱም ከመግሪብ በፊት መኪናቸውን አቁመው ይወጣሉ። ይህን ያህል ስሠራለት የኖርኩት ማደሪያ ባዶ ሊቀር ነው። ግን እውነቱን ልንገርህና፣ አሁን እሱ አይደለም የሚያስጨንቀኝ።

መብራቶቹን ለጊዜው አትላካቸው። አራቱ ሲተያዩ ጥላ ያጠፋሉ አላልክም? እንግዲያው ይቆዩ። በነሱ ፈንታ አንዲት ነገር ላክልኝ፤ ሁለት መስመር በአብዱናሲር እጅ የተጻፈ። በዓረብኛም ቢሆን፣ በጠማማ ፊደሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፣ ሽኩር። ያንተ ደብዳቤ እያደር እየቀለለብኝ ነው።

አክስትህ መሪማ።

(ከግርጌው በጸሐፊው እጅ) እኔ አብተው። እሷ ማኅተም ልታደርግ ዞር ስትል ነው ይህን የጨመርኩት። ጆቴን ጠየቅሁት። መስቀል ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ማሾዋን ለኩሶ ገና ከመሰላሉ ሳይወርድ ነው መጀመሪያ ያየው። ሴትዮዋን ላለማስደንገጥ ለሦስት ወር ዝም አለ። የነገሩኝን ቀን ለሱ አልነገርኩትም። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ይምጡ። በየገበያው ቀን እየመጣች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች፤ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።

*

ጅቡቲ፣ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለወይዘሮ መሪማ። ጤናዎን አላህ ያብዛልኝ።

ፈቃድ አግኝቻለሁ። አራቱን መብራት ከነቆርቆሯቸው ይዤ ሚያዝያ 18 ቀን ከሰዓት በኋላ በሚገባው ባቡር እደርሳለሁ። ወዲያው ወደ ቤት አልመጣም፤ ከሰፈሩ ሽማግሌ ከሐጂ አብደላ ዘንድ አድሬ በማግሥቱ ማለዳ እመጣለሁ። ሐጂም አብረውኝ ለመምጣት ፈቅደዋል። ከቤት እንዳይወጡ።

ስለ ደብዳቤው ስመጣ እነግርዎታለሁ።

ሽኩር።

*

አዳማ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1922 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሽኩር። አሰላሙ አለይኩም ወራሕመቱላሂ። መንገድህን አላህ ያቅናልህ።

አብተው ደብዳቤህን አንብቦ ሲጨርስ ምን መልስ እንደምሰጥ ጠየቀኝ። ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አባቴ ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ብሎ አስቀርቶኛል። ወረቀት መቁጠር ግን እችላለሁ። በየካቲት ከፖስታህ ሁለት ወረቀት ወጣ፤ አብተው አንዱን አነበበልኝ፣ ሌላውን ቂጡ ስር አድርጎ ተቀመጠበት። ለሌላ ሰው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ። ከአንድ ወር በላይ አታለልኩት።

አሁን ግን አንተው ነገርከኝ። ከባቡር የወረደ የእህት ልጅ አክስቱ ቤት እያለለት የሰው ቤት አያድርም። ማለዳ ከሽማግሌ ጋር የሚመጣ፣ ከቤት እንዳትወጪ ብሎ አስቀድሞ የሚልክ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው። አጎትህ ሲሞት እኔው ራሴ ለእህቱ እንደዚያ አድርጌ ሄጃለሁ። እሷም ያን ማለዳ ገና ሐጂን በሩ ላይ ስታይ ነው የጮኸችው፤ እኛ አፋችንን ሳንከፍት።

አብተውን ጻፍ አልኩት፣ ብዕሩን አስቀመጠ። ቀኑን ብቻ ንገረኝ አልኩት። "መስከረም አሥራ ዘጠኝ" አለኝ። ሌላ አልጠየቅሁትም፤ ያን ዕለት ሳላስጽፍ ተመለስኩ፣ ይህን የማስጽፈው ዛሬ ነው። አልረገምኩትም፤ አንተንም አልረግምህም። መርዶ በወረቀት አይሄድም ብለህ ነው፣ አውቃለሁ። ልጄን አጥበህ የቀበርከውም አንተ ነህ፤ እዚያ ሌላ ማን ነበረው? እኔ ልሠራው የሚገባኝን ሠርተህልኛልና አላህ ውለታህን ይክፈልህ። ግን አራት ወር ሙሉ ደህና ነው እያልክ ስትጽፍልኝ እኔ ሳቄን ስስቅ፣ ምግቤን ስበላ ኖሬአለሁ፤ ይህ ያመኛል። ይህን አንተም እወቀው።

አልቅሻለሁ። ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ ጎረቤትም አልሰማም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፤ ይህን አብተው አልጽፍም ብሎኝ ነበር፣ ጻፍ አልኩት።

ቀኑን በሰማሁ ዕለት ሲመሽ ወደ ጥጉ ሄድኩ። እዚያው ነበር። ካሚዮኖቹ ሁሉ ሄደዋል፤ የቀሩት ሦስቱም በዚህ ሳምንት ማዶ ተሻግረዋል። ባዶ ግቢ ውስጥ የሱ ጥላ ብቻውን ተዘርግቷል። ፊቱ ወደ በሩ ነው። አንድ እጁን ዓይኑ ላይ ጋርዶ፣ መንገድ የጠፋው ሰው እንደሚያደርገው፣ ወዲያና ወዲህ ያያል። አብዱናሲር አልኩት። ገብተሃል፣ ይኸው ግቢህ ነው፣ ደርሰሃል አልኩት። አልሰማኝም። መፈለጉን አልተወም።

ሼኩን ጠየቅሁ። ነፍስ የት እንዳለች የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ጆቴን ደግሞ ጠየቅሁት። ከሄደ ሰው ይልቅ መሄዱን ያላወቀ ሰው ይደክማል አለኝ። እሱም ልክ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሐጂ አብደላ ቤት አትደር። ማለዳም አትምጣ። ከባቡር ስትወርድ አራቱን መብራት ይዘህ በቀጥታ ወደ ግቢው ና። ምሰሶዎቹ ተተክለው ይጠብቁሃል። ሐጂም ይምጡ፣ ጆቴም ይኖራል፤ አብተውንም ጠርቼዋለሁ። መግሪብ ሰግደን ማሾዋን ብቻ እንለኩሳለን። እኔ ከጥጉ፣ ከልጄ ጎን እቆማለሁ። አንተ ከፊታችን ቁምና መናገር ያለብህን ጮክ ብለህ ተናገር፤ ቀኑን፣ በሽታውን፣ የት እንደቀበርከው። እኔን ሳይሆን ከጎኔ ያለውን እያየህ ተናገር። ከዚያ በኋላ አራቱን መብራት እናበራቸዋለን፣ እኔም በወጉ ለቅሶ እቀመጣለሁ።

ድምፅህ እንዳይሰበር። እኔን ስታረዳ እሱንም አርዳው፤ ከሁላችን ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።

አክስትህ መሪማ።